«እስከ» የምትባለዋ ቃል ስንት ሜጋ በላች?

(በአንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴው «ስለ ኢንተርኔቱ ነገር አንድ ንግግር አድርግልን» ሲለኝ የጥሪው ምክንያት አልጠፋኝም። ክርክሩን ደረጃው ላይም፣ ሱቁ በር ላይም፣ የውኃ ታንከሩ ሥርም ሰምቼዋለሁ። ገሚሱ «ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፤ ከፍ ያለውን ጥቅል እንግዛ» ይላል። ገሚሱ «ጥፋቱ የራውተሩ ነው፤ ባለ ስድስት አንቴናው ይምጣ» ይላል። ሦስተኛው ወገን ደግሞ «እዚህ አገር ምን ይለወጣል ብላችሁ ነው?» ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በየቢሮውና በየመኖሪያ ቤቱ የኔትወርክ ገመድ ስዘረጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። የማንም ኩባንያ ወኪል አይደለሁም። የምሸጠው ራውተርም የለኝም። ስለዚህ ዛሬ ማንንም ደስ ለማሰኘት አልቆምኩም።

የምለው አንድ ነገር ነው፤ ሳትለኩ አትክፈሉ። ከመንገድ እስከ በራችሁ የሚመጣው ፍጥነት የኩባንያው ኃላፊነት ነው። ከበራችሁ እስከ ስልካችሁ ያለው የእናንተ ነው። ሁለቱ ተደበላልቀው ከቀሩ ኩባንያው በግድግዳችሁ ያመካኛል፣ ራውተር ሻጩ በኩባንያው ያመካኛል፣ እናንተ ደግሞ ለሁለቱም ትከፍላላችሁ።

መቼም እኛ መምረጥ ያልለመድነው ወደን አይደለም። ስልክ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ሻጩ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም መንግሥት። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ሲመጣም በዚያው በአንዱ መስኮት ነው የመጣው። የዚያን ጊዜ ሞደሙ እየጮኸ በስልክ መስመር ሲገናኝ፣ ከቤት ውስጥ አንድ ሰው ስልኩን ካነሳ አለቀለት! ድርጅቱ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ፤ መስኮቱ ግን ያው አንድ ነበር። ሁለተኛ ፈቃድ የተሰጠው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ገባ። አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ የጀመረው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ቁጠሩት። «የተሰጠህን ተቀበል» ሲባል የኖረ ደንበኛ በአንድ ጀምበር «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ አይሆንም። ሻጮቹም ይህን ያውቃሉ።

እስቲ ማስታወቂያውን አብረን እናንብብ። «እስከ 20 ሜጋ» ይላል። ይቺ «እስከ» የምትባል ቃል ትንሽ ትመስላለች፤ ግን በዚህ ከተማ ውስጥ የእሷን ያህል ገንዘብ የበላ ቃል ያለ አይመስለኝም። ሥጋ ቤት ገብታችሁ «እስከ አንድ ኪሎ ልመዝንልህ» ብትባሉ ዝም ትላላችሁ? «እስከ» ማለት ከዚህ አይበልጥም ማለት ነው እንጂ ከዚህ አያንስም ማለት አይደለም። ስለዚህ ስትዋዋሉ የምትጠይቁት «ትልቁ ስንት ነው?» ሳይሆን «ትንሹ ስንት ነው? ከዚያ ከወረደ ምን ታደርጋላችሁ?» የሚለውን ነው። መልስ ካጡ ማጣታቸውም መልስ ነው። «ያልተገደበ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፣ ይህን ያህል ከተጠቀምክ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል የሚል ነገር ይኖራል። መነጽር አድርጋችሁ አንብቡ።

ሌላው መደናገር የመለኪያው ነው። ኩባንያው የሚሸጥላችሁ ሜጋ ቢት ነው። ኮምፒዩተራችሁ ፊልም ሲያወርድ የሚያሳያችሁ ሜጋ ባይት ነው። አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። 10 ሜጋ የገዛ ሰው በሰከንድ የሚያገኘው 1.25 ሜጋ ባይት ብቻ ነው፤ አንድ ጊጋ የሚመዝን ፊልም ለማውረድ መስመሩ አንዳች ሳይጎድልበት እንኳ 13 ደቂቃ ይፈጅበታል። ይህን ሳያውቅ «ሰረቁኝ» ብሎ የሚጮህ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ በእርግጥ ተሰርቆ ይህንኑ ሂሳብ እየሰማ የሚመለስ አለ። ሁለቱን የሚለያቸው ልኬት ነው።

እንዴት ይለካል? በዋይፋይ አትለኩ። ላፕቶፕ ተዋሱ፣ ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኙት፣ የቤቱን ስልኮች ሁሉ ከዋይፋዩ አስወጡ፣ ከዚያ በኢንተርኔት ላይ ካሉት የፍጥነት መለኪያዎች አንዱን ክፈቱ። ሦስት ጊዜ ለኩ፤ ማለዳ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ። ያ የማታው ነው እውነተኛው። ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ስልኩን የሚከፍትበት ሰዓት ነውና መስመሩ የተጨናነቀ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት ልጨምር። መለኪያው ራሱ መርጦ የሚያገናኛችሁ አጠገባችሁ ካለ ኮምፒዩተር ጋር ነው፤ አንዳንዴም የራሱ የኩባንያው ግቢ ውስጥ ካለ ጋር። ያ ማለት መኪናችሁን ግቢ ውስጥ ነድታችሁ «ጎማው ደህና ነው» እንደማለት ነው። አገራችን ባሕር የላትም፤ ወደ ውጭ የምንወጣው በጅቡቲ፣ በኬንያ፣ በሱዳን በኩል በተዘረጋ መስመር ነው። ስለዚህ ናይሮቢን ምረጡና ለኩ፣ አውሮፓ ውስጥ ካለ አንድ ከተማም ለኩ። ዩቲዩብ እየፈጠነ ሌላው ገጽ ሁሉ የሚያቃስት ከሆነ አትገረሙ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የዕቃቸውን ቅጂ ተጠቃሚው አጠገብ ያስቀምጣሉ፤ ሌላው ግን ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ነው የሚመጣው።

ቀጥሎ የሚመጣው «ስንት ይበቃኛል?» ነው። አንድ ቴሌቪዥን ጥራት ያለው ፊልም ለማሳየት 5 ሜጋ ያህል ይበቃዋል። ያ በጣም ጥርት ያለው፣ ፎር ኬ የሚሉት፣ 15 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የቪዲዮ ጥሪ ከ2 እስከ 4 ነው። የድምፅ ጥሪ ከቁጥር አይገባም። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ተማሪ ልጆች፣ አንድ ከቤት የሚሠራ ሰው ያለበት ቤት በደንብ የሚደርስ 15 ወይም 20 ሜጋ ካገኘ ጠግቦ ያድራል። በወረቀት ላይ 50 ሆኖ ማታ 6 ከሚደርሰው፣ 20 ተብሎ 18 የሚደርሰው ይሻላል።

ደግሞ ሁሉም የሚረሳው ነገር አለ። ኢንተርኔት መምጫም መሄጃም አለው። እዚሁ ሕንጻ ውስጥ ያሉ አንዲት እናት ልጃቸው አሜሪካ ነው። «እኔ እሱን ጥርት አድርጌ አየዋለሁ፤ እሱ ግን ‹እማዬ ደረቅሽብኝ፣ ፊትሽ አይታየኝም› ይለኛል» አሉኝ። እትዬ፣ ይህ የመምጫው ሳይሆን የመሄጃው ችግር ነው። የድሮው የመዳብ መስመር ሲሠራ ጀምሮ ለመምጫው ብዙ፣ ለመሄጃው ጥቂት እንዲሰጥ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ጥቅል ስትጠይቁ «የመላኪያው ስንት ነው?» በሉ። ማስታወቂያው ላይ ይህን ቁጥር ስታዩ አትውሉም።

ስለ መስመሩ ዓይነት ረጅም አልናገርም። መዳብ ከሆነ ከጣቢያው በራቃችሁ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ውኃ የገባበት መገጣጠሚያ ካለማ ጨርሶ ክረምቱን አትጠብቁት። ፋይበር የምትመርጡበት ዕድል ካላችሁ ፋይበር ምረጡ፤ ርቀቱም ዝናቡም ብዙም አይነካውም። ግን መስታወት ነው! ገመዱን ማዕዘን ላይ አጥፎ በሚስማር የሚመታ ሠራተኛ ካያችሁ እጁን ያዙት። በሳጥኑ ላይ «ኤል ኦ ኤስ» የተጻፈበት መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ነው፤ ራውተር መቀየር አያድነውም። በአየር የሚመጣው፣ ማለትም ሲም የሚገባበት ራውተር፣ የሚወሰነው በአካባቢው አንቴናና ከእሱ ጋር በሚሻማው ሕዝብ ነው። ይህን ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የዚያን ኩባንያ ሲም ስልኩ ውስጥ ከትቶ፣ እዚያው ሳሎኑ ውስጥ ሆኖ፣ ለሦስት ምሽት ይለካ። የሲም ዋጋና የራውተር ዋጋ አይወዳደርም።

አሁን ወደየቤታችን እንግባ። የምናገረው እዚህ ላይ ይበዛል፤ ካየኋቸው «ቀርፋፋ ኢንተርኔቶች» ብዙዎቹ የሞቱት ሳሎን ውስጥ ነውና።

ራውተራችሁ የት ነው? ልንገራችሁ። ቡፌው ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ አናቱ ላይ ዳንቴል ለብሶ። አትሳቁ! ዳንቴሉ እንኳ ሙቀት ነው የሚያጠራቅምበት፤ ቴሌቪዥኑ ግን ከጀርባው ብረት ነው፤ የራዲዮ ሞገዱን ይጋርደዋል። ቡፌው ላይ መስታወትና ሳህን ተደርድሯል። ከዚያ ወዲያ የኮንክሪት ዓምድ አለ። መኝታ ቤት የደረሰው የተረፈው ነው። ራውተር ከፍ ብሎ፣ ተገልጦ፣ ከቤቱ መሐል መቀመጥ አለበት። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ብዙ ጊዜ ከጥቅሉ ማሳደግ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ቆርቆሮ ግድግዳ ባለበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ቆርቆሮውን ዋይፋይ እንዲያልፍ አትጠብቁት፤ ገመድ ዘርግታችሁ ከወዲያኛው ክፍል ሁለተኛ ማሠራጫ አቁሙ።

ስልካችሁን ከፍታችሁ የዋይፋይ ስሞች ቁጠሩ። በዚህ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ 27 ቆጥሬአለሁ። 27 ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ በአንዴ ሲያወራ አስቡት። 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ሞገድ ግድግዳ በደንብ ያልፋል፣ ግን ያለ መደራረብ የሚቆሙበት መደብ ሦስት ብቻ ነው፤ 1፣ 6 እና 11። 5 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ግድግዳ ይፈራል፣ ነገር ግን ሰፊ ነው፣ ፈጣንም ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ላለው ቴሌቪዥን 5ቱን፣ ለሩቁ መኝታ ቤት 2.4ቱን ስጡ። አንድ ማስጠንቀቂያ፤ በዋይፋዩ ስም ጫፍ ላይ «5ጂ» ስለተጻፈ የአምስተኛው ትውልድ ሞባይል ኔትወርክ ገባልኝ ያለ ሰው አለ። አንዳንድ ነጋዴም ይህን ብሎ ይሸጣል። ዝምድናቸው የቁጥሯ ብቻ ነው።

አንቴናውንም አትቁጠሩ። ባለ ስድስት አንቴና ሆኖ ከባለ ሁለቱ የሚያንስ አይቻለሁ። ካርቶኑ ላይ «1200» የሚለውም የሁለቱ ሞገዶች ድምር ነው፤ 300 ከአንዱ፣ 867 ከሌላው፣ ጥቂት አስተካክለው ጻፉት። ማንም ስልክ ሁለቱን ደምሮ አያገኝም። ይልቅ ጀርባውን አዙራችሁ የገመድ መግቢያውን ጠይቁ። 100 ሜጋ ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ ካርቶኑ ሚሊዮን ቢል ከ100 አያልፍላችሁም። ለ20 ሜጋ ተጠቃሚ ይህ ምንም አይጎዳውም፤ ስለዚህ ያለ ጥቅሙ አትክፈሉ። ዋይፋይ 5 የሚባለው ትውልድ ለአብዛኞቻችን ይበቃል። እንደኛ በተጨናነቀ ሕንጻ ውስጥ ብዙ ስልክ ያለው ቤተሰብ አቅሙ ከፈቀደ ዋይፋይ 6 ቢገዛ አልቃወምም።

ገመድ ስትገዙ በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ከላይ መዳብ መስሎ ከውስጥ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ቶሎ ይሰበራል። ስምንቱም ክሮች መታሰራቸውን እዩ፤ አራቱን ብቻ አስሮ የሚሄድ ሠራተኛ አለ፣ ያኔም ከ100 አታልፉም።

ውጭ ያለ ዘመድ ስለሚልከው ራውተርም አንድ ቃል። ከአሜሪካ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የኬብል ቴሌቪዥን ገመድ የሚገባበት ሞደም ነው። እዚህ ያ መስመር ስለሌለ ሞደምነቱ ዋጋ የለውም። ሲም የሚገባበት ከሆነም በዚያ አገር ኩባንያ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፣ ወይም የእኛን ሞገድ ላይዝ ይችላል። ከመሰካታችሁ በፊት አዳፕተሩ ላይ 220 የሚል መኖሩን አንብቡ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ በጭስ ነው የሚሰናበታችሁ። የአጎት ልጅ ለፍቶ የላከው ነውና ቀድሞ በስልክ መጠየቅ ሳይሻል አይቀርም።

መብራት ሲጠፋስ? ብዙዎቹ ራውተሮች 12 ቮልት ነው የሚፈልጉት፤ ለዚህ የተሠራ ትንሽ ባትሪ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ አለ። 9 ቮልት የሚፈልግም አለና ቁጥሩን አመሳክሩ። ፋይበር ያለው ሰው ከጣቢያው እስከ ቤቱ መብራት የሚፈልግ ነገር ብዙ ጊዜ ስለሌለ፣ ጣቢያው ጄኔሬተር ካለው በባትሪው ይሠራል። ለነገሩ መብራት እየጠፋ ስለ ፍጥነት መከራከራችን ራሱ ያስቃል፤ እሱን ለሌላ ስብሰባ እንተወው።

ወደ መዋጮው ልምጣ። አሥራ ሁለት ቤት አንድ ትልቅ መስመር ገዝቶ መከፋፈል በሙያው ይቻላል። ለየቤቱ ድርሻ የሚቆርጥ ራውተር ካልተገዛ ግን አንዱ ልጅ ጨዋታ ሲያወርድ አሥራ አንዱ ቤት ይጾማል። ውሉ ለሌላ ማካፈልን ይከለክል እንደሆነም አስቀድማችሁ አንብቡ። ከሁሉ በላይ ግን ይህን አስቡ፤ መስመሩ የሚመዘገበው በአንድ ሰው ስም ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚባል ሕግ ባለበት አገር፣ ከአራተኛ ፎቅ አንድ ጎረምሳ ማታ የጻፈውን ነገር ጠዋት መጥተው የሚጠይቁት ስሙ ውሉ ላይ ያለውን ሰብሳቢያችንን ነው። ሰብሳቢያችንን ለዚያ አሳልፌ አልሰጥም። እኔን ከጠየቃችሁኝ እያንዳንዱ በየስሙ ይግዛ፤ የምንተባበረው በመለካትና በመጠየቅ ይሁን።

እንግዲህ እጁን አጣጥፎ ለተቀመጠው ወገንም መልስ አለብኝ። «ሁሉን ብናስተካክል አንድ ቀን ይዘጉት የለም ወይ?» ብሏል። እውነቱን ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት የአገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ከኢንተርኔት ተቆርጣ ከረመች። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አምስት ወር ያህል ታገዱ፤ ያኔ በቪ.ፒ.ኤን. የዞረ ሰው ፍጥነቱን ለመንገድ ርዝመት ነው የከፈለው። በዚያው ዓመት በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ለፈተና ተብሎም ተዘግቶ ያውቃል። ማብሪያ ማጥፊያው ቤታችን አይደለም፤ በሦስት ሺህም በሠላሳ ሺህ ብርም የተገዛ ራውተር ይህን አይለውጠውም። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ በአዲስ አበባ በገመድ የሚመጣው ይሠራ ስለነበር፣ ሁለት ዓይነት መስመር ያለው ሰው ትንሽ ይተነፍሳል። ሁሉም ሲዘጋ ግን ሁሉም ተዘጋ ነው።

ታዲያ ስለሚዘጉት በሠራባቸው ቀናት የሚጎድለውን አንጠይቅ? እንዲያውም የሚዘጋበትን ቀን መመዝገብ ያለብን ለዚህ ነው። የወሩን ሙሉ ሂሳብ ተቀብሎ የሰጠው ሃያ ቀን ከሆነ፣ የአሥሩ ቀን ገንዘብ የማን ነው? ይህን በአፍ ብትጠይቁ ይስቁባችኋል። ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋችሁ፣ በሃያ አራት ቤት ስም ተፈርሞ ሲሄድ ግን ሌላ ነው።

መንገዱ ይህ ነው። መጀመሪያ ለኩባንያው አመልክቱ፤ በስልክ ከሆነ የአቤቱታ ቁጥር ተቀበሉ፤ በአካል ከሆነ ቅጂው ላይ ማህተም አስመቱ። ካልመለሱ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ነው፤ ኩባንያዎቹን መቆጣጠር ሥራው ነው፣ የተጠቃሚን አቤቱታ መስማትም እንዲሁ። ይሰማል ወይ? ያልቀረበለትን እንደማይሰማ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ሉሁን አዘጋጅቻለሁ፤ ጥበቃው ቤት ተቀምጧል። ቀን፣ ሰዓት፣ መምጫው፣ መሄጃው፣ በገመድ ወይስ በዋይፋይ የሚሉ ዓምዶች አሉት። ላፕቶፕ የሌለው ሰው ከእኔ ይዋስ። ሦስት ምሽት ለክታችሁ እስከሚቀጥለው እሑድ ለኮሚቴው ስጡ፤ ራውተሩን ከቡፌው ማውጣት ግን ዛሬ ማታውኑ ይቻላል።